ቅንድቤን ከደጋ ፀሐይ ስጠብቅ

አያቴ መንዝ ውስጥ ስታርፍ ዕድሜዋ ከሰማንያ ዓመት አልፎ ነበር። በልጅነቷ ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀልና አንገቷን እንደ ድሪ የከበቡት መስመሮች እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ አብረዋት ቆይተዋል። ጥቁር የነበረው ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ቢያደላም፣ የመስመሮቹ ጠርዝም እየሰፋ ቢሄድም፣ አንዳቸውም አልጠፉም። ነቃሿ የሰፈር ሴት እንደነበረች፣ ቀለሙም ከኩራዝ ጥላሸት ተጠርጎ በቅጠል ጭማቂ የተለወሰ እንደነበረ፣ መርፌው ቆዳዋን ሲወጋም ሁለት ሴቶች እጇንና ራሷን ይዘው እንደነበረ ደጋግማ ነግራኛለች። አሟት እንደሆነ ስጠይቃት «ያመመኝ አንድ ቀን፣ ያማረብኝ ዕድሜ ልኬን» ትለኝ ነበር።

እኔ ደብረ ብርሃን የምኖረው የልጅ ልጇ ቅንድቤ ላይ ያስገባሁት ቀለም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራልኝ ሰባት ወር እንኳ በወጉ አልቆየም። ሁለተኛው፣ ዛሬ ፊቴ ላይ ያለው፣ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላው ነው። ሳይፈዝ የቀረ ባይሆንም መልኩን አልለወጠም፣ ቅርጹንም አልለቀቀም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው የባለሙያዋ እጅ ብቻ አይደለም፤ ከወንበሩ ከተነሣሁ በኋላ እኔ ያደረግሁትና ያላደረግሁት ነገር የበለጠውን ድርሻ ይይዛል። ፐርማነንት ሜካፕ፣ ማለትም በመርፌ ቆዳ ውስጥ የሚገባውን «ቋሚ» የሚባል ማስዋቢያ ቀለም፣ ተሠርተው «ለምን ቶሎ ጠፋብኝ?» እያሉ የሚጠይቁኝ እህቶች እየበዙ ስለመጡ፣ የማውቀውን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንዳሠራሁት ልናገር። የታይሮይድ ዕጢዬ በሚገባ መሥራት ባቆመበት ጊዜ ድካሙና ብርዱ ብቻ ሳይሆን የቅንድቤም ፀጉር ከጆሮ በኩል ካለው ጫፍ ጀምሮ እየሳሳ መጣ። የቅንድብ ውጫዊ ሲሶ መሳሳት በዚህ ሕመም ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ኋላ ላይ ከሐኪሜ ሰማሁ። መድኃኒቱን በየማለዳው እየወሰድሁ ጤናዬ ቢመለስም የቅንድቤ ፀጉር ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በየማለዳው በእርሳስ እየሣሉ መውጣት፣ እኩለ ቀን ላይ በላብ ወይም በዝናብ ታጥቦ የአንዱ ቅንድብ ጫፍ ጠፍቶ መገኘት፣ ላልደረሰበት ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን በመስታወት ፊት ሕመሜን በየቀኑ እንደ አዲስ መቁጠር ነበር። ስለዚህ ይህን ሥራ ከንቱ ውበት መፈለግ አድርገው ለሚያዩት ሰዎች መልሴ አጭር ነው፦ ፊቴን መልሼ ያገኘሁበት ሥራ ነው።

አሁን ቀለሙ ለምን እንደሚፈዝ ላስረዳ፤ ይህን ሳያውቁ የሚደረግ ጥንቃቄ ሁሉ የዘፈቀደ ይሆናልና። የቆዳችን የላይኛው ንብርብር በአራት ሳምንት ገደማ ውስጥ የሞቱ ሴሎቹን እያራገፈ ራሱን ያድሳል፤ እዚያ የቀረ ቀለም አብሮ ይራገፋል። የሚቆየው ቀለም ከእሱ ሥር ባለውና የደም ሥሮች በሚገኙበት ንብርብር የላይኛው ክፍል ላይ የተቀመጠው ነው። እዚያም ቢሆን ቀለሙ እንደ ግድግዳ ቀለም ተለጥፎ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ማክሮፋጅ የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ሴሎች የቀለሙን ቅንጣት ውጠው ይይዙታል፤ ሲሞቱ ይለቁታል፤ በምትካቸው የመጡት ደግሞ እንደገና ይውጡታል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው ቀለሙ በዚህ መንገድ ከሴል ወደ ሴል እየተላለፈ ነው። ይህን ሳነብ የአያቴ ግንባር ትዝ አለኝ፤ ያ መስቀል ሰባ ዓመት ያህል በዓይን በማይታዩ እጆች ሲቀባበል ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ የእኔ ለምን እንደእሷ አልቆየም? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጥልቀት ነው፤ የእሷ መርፌ ወደ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል፣ የቅንድብ ባለሙያ መርፌ ወይም ማይክሮብሌዲንግ በሚባለው አሠራር ፀጉር መሳይ መስመር የሚሠራበት ምላጭ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች እንዲቀር ይፈለጋል። ሁለተኛው የቀለሙ ዓይነት ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ፀሐይም ሆነ ዘመን በቀላሉ አያፈርሰውም። ለቅንድብ ከሚውሉት ቀለሞች ብዙዎቹ ግን ከብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ዝገትንና የአገራችንን ቀይ አፈር ቀይ ካደረገው ነገር ጋር ዘመድ ከሆነው ማዕድን የተሠሩ ናቸው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ተቀላቅለው ቡናማውን ይሰጣሉ። በዚህ ምክንያት ስሙ «ቋሚ» ይባል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው።

ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እንደዚያ አይቼው ነበር። አሁን ግን በተቃራኒው አስባለሁ። የአያቴ ጥልቀትና የአያቴ ጥላሸት በቅንድቤ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ጠርዙ የሰፋ ሰማያዊ መስመር ይዤ እቀር ነበር። በመስቀል ላይ የሚያምር ለውጥ በቅንድብ ላይ አያምርም። ስለዚህ ቀለም እንዲቆይ መፈለግና ቀለም በጥልቀት እንዲገባ መፈለግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባለሙያዋን «ጠለቅ አድርጊልኝ፣ እንዳይጠፋ» የምትል እህት ጉዳት እየለመነች እንደሆነ ልታውቅ ይገባል።

በመጀመሪያው ጊዜ ያጋጠመኝም በከፊል ይኸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሳሎን፣ የሠራችልኝ ሴት ስለ ቆዳዬም ሆነ ስለምወስደው መድኃኒት ምንም ሳትጠይቀኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሳ አሰናበተችኝ። አንዳንዱ መስመር በጣም ጠልቆ ደም አፈሰሰ፤ ደም የበዛበት ቦታ ደግሞ ቀለሙን ይገፋዋል እንጂ አይቀበለውም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በእሷ ላይ ብጥል እውነት አይሆንም። በዚያ ወቅት ግንባሬ ላይ ያለውን ማድያት ለማጥፋት ከሱቅ የገዛሁትን፣ ምን እንደያዘ በወጉ ያልተጻፈበትን የፊት ማቅያ ክሬም ማታ ማታ እስከ ቅንድቤ ድረስ እቀባ ነበር። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ቆዳን የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ አልፎ አልፎም ሜርኩሪ እንደሚገኝ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለቆዳም ለጤናም የሚያመጡት ጉዳት ከቅንድብ ቀለም እጅግ የከፋ ነው። ቀለሙ ሲፈዝብኝ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አስጨመርሁ፤ ክሬሙን ግን አላቆምሁም። ውጤቱ ቀላ ያለ፣ ጡብ የሚመስል ቅንድብ ሆነ። ጥቁሩና ቢጫው ሲሳሳ ቀዩ የብረት ኦክሳይድ ለብቻው ጎልቶ ይቀራልና። በሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር ወለሉን ደጋግሞ እንደመወልወል ነበር፤ የሚያፈሰውን ሳልደፍን ማድረቅ ማድረቁን ብቻ ተያያዝሁት።

ሁለተኛዋ ባለሙያ ከመርፌ በፊት አርባ ደቂቃ ያህል ጠየቀችኝ። ፊቴ ወዛም መሆን አለመሆኑን በወረቀት ፈተነች፤ ወዛም ቆዳ ላይ እንደ ፀጉር የተሠሩ ቀጫጭን መስመሮች ቶሎ ስለሚደበዝዙ፣ በነጠብጣብ የሚሠራው የዱቄት መሳይ አሠራር ይሻላል አለችኝ። ቁስል ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ፣ ማለትም ኬሎይድ፣ ከቤተሰቤ ማንም ይዞት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ለኬሎይድ ይበልጥ የተጋለጠ ነውና። በመጨረሻም ቀኑን ለመያዝ ጥር 7ን ስጠቁማት ብዕሯን አስቀምጣ «ጥምቀት ላይ ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። አራት ቀን ብቻ ሲቀረው! በጥምቀት ማለዳ ካህናቱ ውኃውን ባርከው ሲረጩ በሕዝቡ መካከል ቆሜ ፊቴን ላዞር አልችልም፤ አልፈልግምም። ቅርፊት ያልያዘ ወይም ገና እየያዘ ያለ ቁስል ላይ ብዙ ውኃ ከፈሰሰ ግን ቀለሙ አብሮ ይወጣል፣ ንጹሕ ያልሆነ ነገር ከገባም ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ቀጠሮውን ወደ ጥር 20 አዛወርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፦ ከባለሙያው ስም በፊት የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ለመጠመቅ ያሰበች ሴት ከጸበሉ በኋላ ትሥራ፣ ወይም ከሥራው በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ቆይታ ትሂድ። ሠርጓ የደረሰ ሙሽራም ከሠርጉ ሁለት ወር ቀድማ ካልጀመረች ብትተወው ይሻላታል፤ ቅንድቧ በቅርፊት ላይ እያለ ፎቶ ትነሣለችና።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የነገሩ ሁሉ መሠረት ስለሆኑ ረዘም አድርጌ ልጻፍባቸው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ቅንድቤ ከታሰበው እጅግ ጠቁሮና ትንሽ አብጦ ነበር። እናቴ ስታየኝ «ልጄ፣ ከሰል ነው እንዴ የቀቡሽ?» ብላ ደነገጠች። ከአራተኛው ቀን በኋላ ማሳከክ ጀመረ፤ ስስ ቅርፊት ያዘ፤ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን ቅርፊቱ እዚህም እዚያም እየተላቀቀ ወረደ። ከሥሩ የታየው ቆዳ ምንም ያልተሠራበት እስኪመስል ድረስ የገረጣ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ተታለልን ብለው ያለቅሳሉ። ነገር ግን አዲሱ የቆዳ ሽፋን ገና ስላልጠራ ነው ቀለሙ የማይታየው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህ መካከል ቅርፊቱን በጥፍር ያነሣች ሴት ከሥሩ ያለውን ቀለም አብራ ታነሣለች፤ ያ ቦታም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሲያሳክከኝ አላከክሁትም፤ በንጹሕ ጣት ጀርባ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደርገው ነበር።

እናቴ በሦስተኛው ቀን ለጋ ቅቤ በጭልፋ ይዛ መጣች። ቁስልን ቅቤ ያለሰልሳል ብላ በሙሉ እምነት ነው፤ ሳድግም ቁስሌን ሁሉ ያዳነችው በዚሁ መንገድ ነበር። እኔም ቅቤ፣ ማር ወይም ጥቁር አዝሙድ ዘይት ክፉ ነገር ነው አላልኋትም። የነገርኋት ይህ ቁስል በውስጡ የሚቀመጥ ቀለም እንዳለው፣ ወፍራም ቅባት ሲደፈንበት ቅርፊቱ ረጥቦ ያለ ጊዜው እንደሚላቀቅ፣ ያልፈላ ቅቤም ተሕዋስያን ሊኖሩበት እንደሚችሉ ነው። እሷ ግን ቅቤውን አልመለሰችም፤ «ኋላ ራስሽን እቀባሽበታለሁ» ብላ አስቀመጠችው። ባለሙያዋ የሰጠችኝን ቅባት በጥጥ ጫፍ፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል መጠን፣ ቆዳው ትንሽ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ብቻ እቀባ ነበር። ጠዋትና ማታ አፍልቼ ባቀዘቀዝሁት ውኃ እርጥብ ጥጥ አድርጌ እጠርጋለሁ፤ የቀረውን ፊቴን ከቅንድቤ በታች እታጠባለሁ፤ እጄንም ሳልታጠብ ወደ ፊቴ አላስጠጋም።

በቤታችን ትልቁ ፈተና ግን ምጣዱ ነበር። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክንባሎውን ባነሣች ቁጥር እንፋሎቱ በቀጥታ ፊቷን ይመታዋል፤ በአንድ ቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ ማለት ነው። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ላብ ያመጣል፣ ላብም ጨው ነው፤ ቅርፊት ያለበትን ቆዳ ያቃጥላል፣ ቀለሙንም ይገፋል። እሳት ፊት ያለው ጢስ ደግሞ ዓይንን ያስለቅሳል፤ ሰው ሳያስበውም በክንዱ ቅንድቡን ይጠርጋል። ለሁለት ሳምንት ያህል እህቴ ጋገረችልኝ። የሚጋግርላት ሰው የሌላት ሴት ቢያንስ ለአሥር ቀን የሚሆን እንጀራ አስቀድማ ብታዘጋጅ ወይም ብትገዛ መልካም ነው። ወይባ መሞቅ የምትወድ ደግሞ ለአንድ ወር ትታገሥ። ይህን ምክር በየትም ስላላገኘሁት ነው እዚህ ያሰፋሁት፤ የሚነገረን ስለ ሳውናና ስለ መዋኛ ገንዳ ነው፣ የእኛ ሳውና ግን ኩሽና ውስጥ ነው ያለው።

ቅንድቡ ድኖ ቀለሙ ከረጋ በኋላ የቀረው ዋና ጠላት አንድ ነው፤ እሱም ፀሐይ። በዚህ ጉዳይ ላይ የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰዎች ራሳችንን እናታልላለን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ማለዳ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ፀሐይ ይሞቃል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ደስታ ይህ ነው፤ ጸሎት ያህል የተወደደ ልማዴ ነበር። ነገር ግን ብርድ የጨረር መከላከያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚህ ላይ ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቅን በመሆናችን የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ ትቆማለች። ሸዋ ሮቢት ያለችው የአክስቴ ልጅ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በቆላ ትኖራለች፤ ሙቀቱ ስለሚያስቸግራት ጥላ ለጥላ ትሄዳለች። እኔ ግን ብርዱ ገፍቶ ፀሐይ ላይ ያቆመኛል። ሁለታችንም በአንድ ሰሞን ተሠርተን፣ በሁለተኛው ዓመት ሳነጻጽረው፣ የእሷ መስመሮች በላብና በወዝ ምክንያት ጠርዛቸው ደብዝዟል፤ የቀለማቸው ጥልቀት ግን ከእኔ የተሻለ ነበር። የእኔ ደግሞ ጠርዙ የጠራ፣ ቀለሙ ግን የሳሳ ሆኗል።

ከሁሉም የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቢሮዬ ውስጥ መስኮት በግራዬ በኩል ነው፤ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የግራ ቅንድቤ ከቀኙ ፈዝዞ አገኘሁት። የመስኮት መስታወት ቆዳን የሚያቃጥለውን ዩቪቢ የተባለውን ጨረር በአብዛኛው ቢያስቀርም፣ ወደ ቆዳ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውን ዩቪኤ ግን በብዛት ያሳልፋል። ወንበሬን አዞርሁት፤ ለመስኮቱም መጋረጃ አደረግሁለት። አሁን ማለዳ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ጀርባዬን እሰጣታለሁ፤ ጀርባም ሲሞቅ ሰውነት ያው ይሞቃል። ቀትር ላይ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ አደርጋለሁ። ነጠላን ወደ ግንባር ሳብ ማድረግ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ስስ ነጭ ጥጥ በመሆኑ ብርሃኑን ብዙም አያስቀርም፤ ደረብ አድርጎ ማጠፍ ይጠቅማል።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ወይም ሰንስክሪን ሁለት ነገር ልጨምር። ቁስሉ ሳይድን አይቀባም፤ ከዳነ በኋላ ግን፣ ማለትም ከአራት ሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ በየማለዳው ቅንድብ ላይ መቀባት ከማንኛውም ማስጨመሪያ በላይ ይጠቅማል። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 የተጻፈበት በቂ መጠን ከተቀባ 97 በመቶ ያህሉን ዩቪቢ ያስቀራል፤ ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መታደስ አለበት። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሙሉ ፊትን ለመቀባት አቅም የማይፈቅድላት እህት ቢያንስ ሁለቱን ቅንድቦች ብትሸፍን አንዱ ቱቦ ብዙ ወራት ይቆይላታል፤ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሲሆን ነጣ ያለ ነገር ስለሚተው በደንብ መታሸት ይፈልጋል። ዳመና ያለ ቀንም ቢሆን አይተውም።

ክሬምን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ስላወራሁ አላረዝመውም። ሬቲኖል፣ ግላይኮሊክ አሲድና የመሳሰሉት ቆዳን ቶሎ እንዲታደስ የሚያደርጉ ነገሮች ሁሉ ቀለሙንም ቶሎ ያፈዝዙታል፤ የሚጠቀም ሰው ከቅንድቡ ጣት ያህል ርቆ ይቀባ። ፊትን በሚፈገፍግ ነገር ማሸትም እንዲሁ ነው። በልብስ ሳሙና ፊትን መታጠብ፣ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር፣ ቆዳን ያደርቃል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ቀለሙን አመድ የመሰለ ያደርገዋል። ለስላሳ ሳሙናና ቀላል ማለስለሻ ቅባት ይበቃል።

የሚጨመርበትን ጊዜ በተመለከተ ግን ከብዙ ሳሎኖች ጋር አልስማማም። የመጀመሪያው ማስተካከያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደረጋል፤ ይህ የሥራው ግማሽ ስለሆነ ሊቀር አይገባም። የእኔ በመጋቢት አጋማሽ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለዋለ ሠርግም ድግስም በሌለበት ጸጥ ያለ ወቅት ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን «በየስድስት ወሩ ነይ» የሚባለውን አልቀበልም። ቀለም በላዩ ላይ ሲደራረብ ቆዳው ይሞላል፣ ቅርጹ ይሰፋል፣ ጠባሳ ይፈጠራል፤ በመጨረሻም አዲስ ቀለም የማይቀበል ቆዳ ይሆናል። መጨመር ያለበት ቀለሙ በግማሽ ያህል ሲፈዝ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አይመጣም። ዓይን ደግሞ በየቀኑ የሚያየውን ለውጥ አያስተውልም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በዚያው በር ላይ፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ እነሣለሁ። ሁለት ጊዜ «ጠፍቷል፣ ልሂድ» ብዬ ፎቶዎቹን ሳስተያይ አለመጥፋቱን አይቼ ቀርቻለሁ።

ቀለሙ ቀላ ወይም ሰማያዊ ሆኖብኝ በሌዘር ላስጠፋው የምትል ካለች የቆዳ ሐኪም ሳታማክር አትጀምር። የብረት ኦክሳይድና ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ቀለም ሌዘር ሲያገኘው ከመጥፋት ይልቅ ወዲያው ሊጠቁር ይችላል። ኤምአርአይ ለሚባለው በማግኔት ለሚደረገው ምርመራም ቅንድብ ላይ ቀለም እንዳለ ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል፤ በብረቱ ምክንያት አልፎ አልፎ የማቃጠል ስሜት ይኖራል፣ ምርመራውን ግን የሚያስከለክል አይደለም። መቅላቱ ከቀናት በኋላ እየባሰ የሚሄድ፣ መግል የያዘ ወይም ትኩሳት ያመጣ ቁስል ደግሞ የሳሎን ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳል። መርፌው ከታሸገበት ፊት ለፊቴ ካልተከፈተ ከወንበሩ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ በተጠቀሙበት መርፌ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ይተላለፋሉና።

አንድ ደብተር አለኝ። በውስጡ የቀለሙ ስም፣ ከጠርሙሱ ላይ የገለበጥሁት ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን፣ የትኛው ቦታ ላይ ደም እንደወጣና ቅርፊቱ በስንተኛው ቀን እንደወደቀ ተጽፏል። ባለሙያ ብትቀየር እንኳ አዲሷ ሴት በምን ላይ ምን እንደምትጨምር ታውቃለች፤ ያለ እሱ በግምት ትቀላቅላለች። ባለፈው እሑድ ያነሣሁት ፎቶ የመጀመሪያው ፎቶ አጠገብ ሲቀመጥ ግማሽ ያህል እንደፈዘዘ በግልጽ አሳየኝ፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ቀጠሮ ይዣለሁ። ከሁለቱም ጊዜ በተለየ ሐምሌን መረጥሁ፤ ደመናው የቀትሯን ፀሐይ ያለዝባታል፣ አቧራ የለም፣ ሠርግ የለም፣ ጥምቀትም ሩቅ ነው። የሚያሰጋኝ ዝናቡ ብቻ ስለሆነ ክፈፉ ሰፊ ጃንጥላ ገዝቻለሁ፤ እህቴም የሁለት ሳምንቱን እንጀራ እንደምትጋግርልኝ ቃል ገብታለች። እናቴ ስትሰማ ያስቀመጠችው ቅቤ እንዳለ አስታወሰችኝ፤ ለጳጉሜን አቆየሁት።